ከወንበርዎ ይነሱልን ያሉት ጋሽ መንገሻ

የዚያን ቅዳሜ የምክር ቤት አባሉ ሰውዬ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ ጋሽ መንገሻ፣ እትዬ ዘይነባ፣ ወንድም ብሩክ፣ እኔ፣ የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ይዣት የሄድኩት ትንሿ ልጄ ማርታ። በቤቱ በኩል ደግሞ ሰውየው፣ ሚስቱና አንድ ያረጀ ውሻ። ከዚህ ሌላ ማንም አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ በኋላ ወሬው ሲዞር አውቶብስ ሙሉ ሰው ሆነን ሄደን የባለሥልጣን በር እንደደበደብን ተደርጎ ስለተወራ ነው። በር አልደበደብንም። ደወል ነው የደወልነው፤ እሱንም ኑ ተብለን ሄደን ነው።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ዛሬ የት እንዳሉ የማላውቀው ጋሽ መንገሻን ነው። ስልካቸው ከተዘጋ ቆይቷል። አንዳንዱ አርፈዋል ይላል፣ አንዳንዱ ቢከን ሂል ባቡር ጣቢያው ጋ አየኋቸው ይላል። ያረፈ ሰው ለቅሶው ይሰማል፤ የእሳቸውን ለቅሶ የደረሰ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ስለዚህ በሕይወት እንዳሉ አድርጌ ነው የምጽፈው።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴን አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። የሰውየውን ስም አልጽፍም፤ ልጅ አለኝ፣ ነገርም አልፈልግም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የምጽፈው። ያልገባኝን ብሩክን ጠይቄዋለሁ።

ጋሽ መንገሻ ሌክ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ስንኖር ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ነበሩ። አገር ቤት የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ይገፋሉ። ከሚገፏቸው መንገደኞች ብዙዎቹ በዕድሜ ከእሳቸው ያንሳሉ። በዚህ ራሳቸው ይስቁ ነበር። «ድሮ አንድ አውቶብስ ሙሉ ሕዝብ ይዤ እሄድ ነበር፤ አሁን አንድ በአንድ ሆነልኝ» ይላሉ። ቡናማ ቆብ ነበረቻቸው። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ያወልቁና ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጧታል። ከእኛ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ ዘይነባ፣ ከደሴ የመጡ ቀልድ የማያልቅባቸው ሴት ናቸው፤ ያቺን ቆብ ጉልበታቸው ላይ ካዩ «በሉ ቀበቷችሁን እሰሩ፣ ጋሽ መንገሻ መሪ ጨበጡ» ይላሉ።

በሰፈራችን ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም ይጠራቸዋል። ነገሩን ከመስማታቸው በፊት የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው። «ይህ ጉዳይ የሚነካው ሽማግሌ ካለ፣ አሁኑኑ ይነሳ።» አንድ ጊዜ መኪና በጋራ ገዝተው የተጣሉ ሁለት ልጆች እኛ ሳሎን ተቀምጠው ሲሸመገሉ፣ ከሁለቱ የአንደኛው እጮኛ የጋሽ መንገሻ የክርስትና ልጅ መሆኗ በወሬ ወሬ ተነሳ። እሳቸው አላወቁም ነበር። ያን ሲሰሙ ወንበራቸውን አንስተው ወጡና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ክረምት ነው፣ ኮሪደሩ ማሞቂያ የለውም።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ቢያንስ ዝም ብለው ይቀመጡ» አልኳቸው።

«የማርታ እናት፣ ዝም ብዬ ብቀመጥም ፊቴ ይናገራል። ልጁ የእኔን ፊት እያየ ነው የሚናገረው። እዚህ ብርዱ ይሻለኛል።»

ነገሩ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነቃነቁም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ደብረ ብርሃን ናቸው። ቪዛቸው ይመጣል ይመጣል እየተባለ ዓመታት አልፈዋል። ጋሽ መንገሻ ባለ አንድ መኝታ ቤታቸውን ለእሳቸው ሲሉ ነው የያዙት። ሰፊ አልጋ ገዝተው አንጥፈው፣ ራሳቸው ሶፋ ላይ ይተኛሉ። ብሩክ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለምን ሩምሜት አያስገቡም? ኪራይ ይካፈልዎታል» ቢላቸው ተቆጡ።

«ሴትዮዋ ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጣ መጥታ፣ የማታውቀው ጎረምሳ ሱሪ የተሰጣበት ቤት ልትገባ ነው? ቤቴ ና ብሎ ጠርቶ የሰው ቤት ማስገባት ነውር ነው።»

ከዚያ የኪራይ ጭማሪው ማስታወቂያ በየበራችን ሥር ገባ። ሕንፃውን አዲስ ባለቤት ገዝቶት ነበር። እኔንና ባለቤቴን ከበደን፤ ለጋሽ መንገሻ ግን የሚሞከር አልነበረም። ያን ሰሞን ነው ወንድም ብሩክ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰብስቦ የነገረን። ብሩክ የአረጋውያን ቤት ነርስ ነው፤ እንግሊዝኛውም ኮምፒውተሩም ስለሚሆንለት የሁላችንንም ወረቀት የሚያነበው እሱ ነው።

«ሶ፣ ኦሎምፒያ፣ የስቴቱ ምክር ቤት፣ አንድ ሕግ ቀርቧል» አለ። «አከራይ በዓመት ውስጥ ከተወሰነ በላይ እንዳይጨምር የሚከለክል። መጀመሪያ ግን ከኮሚቴ ማለፍ አለበት። ኮሚቴው ውስጥ ገና ያልወሰኑ አሉ።» የእነሱን ፎቶ በስልኩ አሳየን።

ጋሽ መንገሻ ስልኩን ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩት። «ይሄን ሰውዬማ አውቀዋለሁ። ጉልበቱን ታሞ እኔ ነኝ የገፋሁት። ከአውሮፕላኑ በር እስከ መኪናው ድረስ ስለ ጉልበት ስናወራ ሄድን። ካርዱንም ሰጥቶኛል፣ የምረዳህ ነገር ካለ ደውል ብሎኛል።»

«ለሁሉም ነው የሚሉት ጋሼ» አለ ብሩክ።

«ለሁሉም ይበል። ለእኔም ብሏል። ሽማግሌ እንላክበት።»

እኔ ፈራሁ። «ጋሼ፣ ፖሊስ ቢጠራብንስ? ግሪን ካርዳችን ላይ ችግር ቢመጣስ?»

«ሽማግሌ መጣብኝ ብሎ ፖሊስ የጠራ እስካሁን አልሰማሁም» አሉ።

«ወላሂ እዚህ አገር ይሰማሉ!» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ግን እሄዳለሁ። ቤቱንም ባየው ደስ ይለኛል።»

ብሩክ በካርዱ ላይ ወዳለው የሰውየው ቢሮ ኮል አደረገ። ሰውየው ሁለተኛውን ጉልበቱን ተቀዶ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ያርፍ ስለነበር፣ ቤት ድረስ ኑ ተባልን።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ መንገሻ ከነሙሉ ልብሳቸው፣ በክንዳቸው የታጠፈ ነጭ ጋቢ ይዘው ወጡ። ወይዘሮ አስካለ ፈትለው ያሠሩላቸው፣ አንድም ቀን ያልለበሱት ጋቢ ነው። እትዬ ዘይነባ አፋቸውን ያዙ። «የሚስትዎን ጋቢ? ለሱ?»

«እሷን ለማምጣት አይደል እንዴ የምንሄደው? ባዶ እጃችንንማ አንገባም።»

ቤቱ ሐይቁ ዳር ነው። ብሩክ መኪናውን ሩቅ ነው ፓርክ ያደረገው፤ እኔ ነኝ አሮጌ መኪናችንን አይተው እንዳይሰጉ ሩቅ አድርግ ያልኩት። የግቢው ሣር ሐይቁ ድረስ ይወርዳል። ማርታ እጄን ጎተተችኝ። «ማሚ፣ ኢዝ ዚስ ኤ ፓርክ?» መናፈሻ የመጣን መስሏት ነው። ዝም በይ አልኳት። እኔም መጀመሪያ መስሎኝ ነበር።

ሚስትየዋ ከፈተችልን፤ ሳሎን አስገባችን። ሰውየው በከዘራ ተደግፎ ተነሳ። ጋሽ መንገሻን አወቃቸው፣ ስማቸውን ሳይቀር አስታውሶ ጨበጣቸው። ተቀመጡ አለን። እኛ ግን ቆምን። ለሽምግልና የሄደ ሰው እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ብሩክ አላስረዳውም ነበር። ሚስትየዋ ወንበር የጠበበን መስሏት ከሌላ ክፍል ወንበር አመጣች። እኛ ቆምን። ሰውየው እንግዳ ቆሞ መቀመጥ አልሆንለት ብሎ እሱም ቆመ። ጋሽ መንገሻ መጀመሪያ ቤቱን መረቁ፣ ጉልበቱን መረቁ፣ ልጆቹን መረቁ፣ ከዚያ ስለ መጣንበት ነገር ረጅም ንግግር አደረጉ። ብሩክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

«ያ ሁሉ ይሄ ብቻ ሆነ?» አሉ ጋሽ መንገሻ።

«ጋሼ፣ ምርቃቱ አልተረጎምልህ አለኝ።»

በዚህ መሃል የሰውየው እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊቱ ላይ ላብ ወጣ። እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ትንሽ እንቁም፣ ሕመሙ ሲብስበት እሺ ይላል» አሉኝ። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን አላወቅሁም። ጋሽ መንገሻ ግን የሰውየውን ጉልበት አይተው ቀድመው ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሁላችንም ተቀመጥን፣ ሰውየውም አረፍ አለ። ያኔ ነገሩ እንዳለቀ ታወቀኝ። እሳቸውም ያውቁ ነበር። በኋላ ለምን ተቀመጡ ስላቸው «ጉልበቱን ታሞ የገፋሁት እኔ ነኝ፤ እያየሁ እንዴት ላስጨንቀው» አሉኝ።

ከዚያ ጋቢውን አወጡ። ሰውየው ዳሰሰው፣ አደነቀው፣ ሚስቱም ዳሰሰችው። ከዚያ አጥፎ መልሶ ሰጣቸው። ብሩክ ሲተረጉም ፊቱ ቀላ። «ስጦታ መቀበል ሕጉ አይፈቅድልኝም ይላሉ። ድምፄን ሊገዛ ነው ይባላል፤ እንዳትቀየሙኝ ይላሉ።»

ጋሽ መንገሻ ጋቢውን ጎናቸው አኖሩ። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ጠይቅልኝ። የሚያከራዩት ቤት አለዎት ወይ በልልኝ።»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይጠየቅም።»

«ጠይቅ።»

ሰውየው አልተቆጣም። አዎ፣ አለን አለ። ከአባቱ የወረሳቸው አሉ፣ ከሚስቱ ጋር የገዟቸው አሉ። ጡረታችን እነሱ ናቸው አለ። ሁሉም በይፋ የተመዘገበ ነው፣ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል አለ።

«ባለመደበቅዎ አከብርዎታለሁ» አሉ ጋሽ መንገሻ። «እንግዲያው ይህን ሕግ ይደግፉልን አልልም። ልመናዬን ቀይሬያለሁ። ከወንበርዎ ይነሱልን። ይህ ጉዳይ ይነካዎታል። ሌሎቹ ይፍረዱ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ነገሩ ከነካው ይነሳል፤ መነሳቱም ያስከብረዋል እንጂ አያዋርደውም።»

ይህን ብሩክ አላሳጠረም። ቃል በቃል ነው የተረጎመው። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ሕጉ ተነስ የሚለኝ ለእኔ ብቻ የተለየ ጥቅም ካለው ነው» አለ። «ይሄ ግን አከራዩን ሁሉ ነው የሚነካው፣ እኔን ለብቻዬ አይደለም።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ደግሞስ ቤት ያለው ሁሉ ከተነሳ ምክር ቤቱ ውስጥ ማን ይቀራል?»

«ተከራዩ ይቀራላ» አሉ ጋሽ መንገሻ።

ሚስትየዋ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። ሰውየው አስብበታለሁ አለን፤ እስከ በሩ በከዘራው ሸኘን።

ወደ መኪናው ተመለስን። ጋሽ መንገሻ ጋቢውን ታቅፈው ከፊት ተቀምጠዋል። ሐይቁ ከዓይናችን ከጠፋ በኋላ ነው የተናገሩት። «እኔ የሰጠሁት ጋቢ ያስጠይቀዋል። የራሱ ቤቶች አያስጠይቁትም።»

በቀጣዩ ሳምንት ኮሚቴው ድምፅ ሲሰጥ እትዬ ዘይነባ ቤት ሆነን በብሩክ ስልክ አየን። ሰውየው ከድምፁ በፊት እንዲናገር ጠይቆ ተናገረ። እኔ ራሴ ጥቂት ቤቶች ስለማከራይ ችግሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ አለ። ሕጉ ቢወጣ ቤት የሚሠራ ይጠፋል፣ የሚጎዳው መልሶ ተከራዩ ነው አለ። ባለፈው ሳምንት ቤቴ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ልቤን ነክተውታል አለ። ከዚያ ስም ሲጠራ «ኖ» አለ። ሌሎቹም ኖ አሉ፣ የስም ጥሪው ቀጠለ፣ ሕጉ ሳያልፍ ቀረ።

«ልቤን ነክተውታል አለ?» ብለው ጠየቁ ጋሽ መንገሻ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሰምቶናል ማለት ነው።» ስልኩን ወደ ብሩክ ገፋ አደረጉት። «አልሰማንም ብል ይሻለኝ ነበር።»

በተከታዩ እሑድ የሰፈራችን ሰው የሚሰበሰብበት አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። ብሩክ የኮሚቴውን አባላት ንብረት ከይፋዊው መዝገብ አይቶ መጥቶ ነበር። እምቢ ካሉት አብዛኞቹ የሚያከራዩት ቤት አላቸው ሲል ሰው ጮኸ፣ ወንበር ተመታ። ብሩክ እዚያ ላይ ሊያበቃ ሲል ጋሽ መንገሻ ከኋላ ተነሱ። ስንመጣ መኪና ውስጥ ብሩክ አስቀድሞ ሁሉንም ነግሯቸው ነበር።

«የቀረውንም ተናገር።»

«ጋሼ፣ ነገራችንን ያደክምብናል።»

«ይድከም። ተናገር።»

ብሩክ ተናገረ። ከሁሉም ብዙ ቤት ያላት ሴትዮ ሕጉን ደግፋለች። ራሱ በኪራይ የሚኖር አንድ አባል ደግሞ ተቃውሟል። አንድ ጎልማሳ «ጋሼ፣ የአከራይ ጠበቃ ሆኑ እንዴ?» ብሎ አሳቀባቸው።

እሳቸው አልሳቁም። «ቤት ያለው ሁሉ ክፉ ነው ብዬ አላውቅም። ሴትዮዋ ኪሷን አሸንፋለች፣ እግዜር ይስጣት። አንዱም ኪስ ሳይኖረው ተሸንፏል፣ ለምን እንደሆነ እሱ ይወቅ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሰው ከገዛ ኪሱ ጋር ሲታገል የእኛ ቤት መታገያው መሆን የለበትም። ከዚያ ወንበር የሚነሳበት ሥርዓት ይኑረው ነው የምለው።» ብለው ተቀመጡ። ማንም አላጨበጨበም። ሰው የሚፈልገው የሚረግመው ስም ነበር፤ እሳቸው ስም አልሰጡትም።

በኋላ እንዲህ ያለ የኪራይ ሕግ ወጣ ይላሉ። ወጥቶ ከሆነ ደስ ይበለን። እኛ ግን ያኔ ከሕንፃው ወጥተን ነበር። ጋሽ መንገሻ ከሁላችን ቀድመው ነው የወጡት። ሰፊውን አልጋ ሲያወጡ በመስኮት አየሁ፤ በደረጃው አልዞር ብሎ እግሩን ፈቱት። ኤርፖርቱ አጠገብ ዴ ሞይን ከኤርፖርት ሠራተኞች ጋር የአንድ ቤት ምድር ቤት ተጋርተው ገቡ። ሊሰናበቱኝ ሲመጡ ማርታን ሳሟት፣ ለእኔ ደግሞ «አስካለ ብትደውልልሽ ቤቱ እንዳለ ነው በያት» አሉኝ። እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። አንገቴን ደፋሁ።

መጀመሪያ ላይ ይደውሉ ነበር። ከዚያ እኔ ስደውል ብቻ ማንሳት ጀመሩ። ከዚያ ማንሳቱም ቀረ። ብሩክ ዴ ሞይን ሄዶ ጠየቀ፤ አብረዋቸው የነበሩት ልጆች አንድ ሻንጣ ይዘው እንደወጡ፣ ከኤርፖርቱ ሥራም እንደቀሩ፣ ወዴት እንደሚሄዱ እንዳልተናገሩ ነገሩት። አልታመሙም ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሳል ነበረባቸው አሉት። ልጆቹን አልወቅስም። ፈረቃቸው የተለያየ ነው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ባለፈው ወር ወይዘሮ አስካለ ደወሉልኝ። ድምፃቸውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ቀጭን፣ ደስ የሚል ድምፅ ነው። ቪዛው ወጥቷል። ለባለቤታቸው ሊነግሩ ቢደውሉ ቢደውሉ ስልኩ አይሠራም። የእኔን ቁጥር ድሮ ጋሽ መንገሻ ናቸው የሰጧቸው።

«የኔ ልጅ፣ ሥራ በዝቶበት ነው አይደል?» አሉኝ። «ቪዛው ቀን አለው፣ ካለፈ ይቃጠላል ብለውኛል። ቤቱ ያው ሌክ ሲቲ ነው አይደል? የታችኛው ፎቅ?»

እኔ ቤቱ እንዳለ ነው ማለት አልቻልኩም። የለም ማለትም አልቻልኩም። እናፈላልጋለን፣ እደውላለሁ አልኳቸው። እስካሁን አልደወልኩም፤ የምነግራቸው የለኝም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ኤርፖርት የምትሠሩም ሆነ ታክሲ የምትነዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ያላችሁ ወገኖቼ፦ ጋሽ መንገሻን ያያችሁ፣ ወይም ያየ ሰው የምታውቁ፣ ያሉበትን ንገሩኝ። ቁመታቸው ረዘም ያለ ነው፣ ሲሄዱ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላሉ፣ ለማያውቁትም ሰው ሰላምታ ይሰጣሉ። ታመው ከሆነም ንገሩኝ። በሕይወት ከሌሉም ንገሩኝ፤ ለባለቤታቸው የምነግራቸውን ልወቅ።